ስክሪን ላይ ጥርት፣ ወረቀት ላይ ብዥታ፦ የአንድ የተጠቃሚ መመሪያ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

አንድ መሥሪያ ቤት ለንብረት ክፍሉ አዲስ ሶፍትዌር አስገባ። ሶፍትዌሩ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ገጾቹም በአማርኛ ናቸው። ከዚያ በፊት ሥራው በሙሉ በወረቀት ነበር። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። አሁን ያው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ነው። እኔ የተጠቃሚ መመሪያውን ካዘጋጁት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

መመሪያው መታተም ነበረበት። "ፒዲኤፉን ብንልክላቸው አይበቃም?" ያለ ሰው ነበር። አይበቃም። ብዙዎቹ መጋዘኖች ያላቸው አንድ ኮምፒውተር ነው። ያንኑ ስክሪን ለሥራውም ለመመሪያውም ማካፈል አይመችም። ሰው ወረቀቱን ኪቦርዱ አጠገብ ዘርግቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚለምደው። ስለዚህ በኤ4 ወረቀት፣ በጥቁርና ነጭ፣ ኮፒ ቤት ይታተም ተባለ። ቅርንጫፎቹ ተጨማሪ ሲፈልጉ ደግሞ ከታተመው ላይ ፎቶኮፒ ያደርጋሉ።

የሥልጠናው ቀን

መመሪያው 60 የሚጠጉ ስክሪንሹቶች ነበሩት። ላፕቶፓችን ላይ ስናየው ያምር ነበር። ታትሞ ሲመጣም አገላብጠን አየነው። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ምንም አይልም ብለን አለፍነው። ይዘቱን በቃላችን ስለምናውቀው ያነበብነው መሰለን።

በሥልጠናው ቀን ነገሩ ለየ። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት የንብረት ሠራተኛ የገቢ ቅጹን በጥንቃቄ ሞልተው ጨረሱ። እያንዳንዱን ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩ። መመሪያው "ምስሉ ላይ የተከበበውን ቁልፍ ይጫኑ" ይላል። የተከበበው "አጽድቅ" የሚለው ነው። አጠገቡ ደግሞ "አጽዳ" የሚል ቁልፍ አለ። በታተመው ገጽ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ነጠብጣብ ሆነዋል። ስክሪን ላይ ቀይ የነበረው ክብም ግራጫ ሆኖ ሁለቱንም ቁልፎች ነክቶ አልፏል። ሠራተኛዋ "አጽዳ"ን ተጫኑ። ቅጹ ባዶ ሆነ።

ጠርተውኝ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩልኝ። "ልጄ፣ እስቲ አንተ አንብበው" አሉኝ። ማንበብ አልቻልኩም። ገጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። የጠፋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ቁልፍ በነኩ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ አለ። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ጭረቶች ነው። "ቢ"ን ከ"ቤ" የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለው ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት። "ለ" እና "ሉ"ም እንደዚያው። የፊደሉ መጠን ስክሪን ላይ 14 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ከሆነ ያቺ ቀለበት ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ብትሆን ነው። እሷ ስትጠፋ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል።

መጀመሪያ የሞከርነው

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ "300 ዲፒአይ እናድርገው" የሚል ነበር። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡ ነጥቦች ብዛት ነው። ማተሚያ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ሰምቶታል። ለፎቶ ጥሩ መለኪያ ነው። ስክሪንሹት ግን ስክሪኑ ላይ ካለው ፒክስል ሌላ ምንም የለውም። ምስሎቹን ፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ከፍተን 300 ብለን አሳደግናቸው። ፕሮግራሙ የጎደለውን ቦታ በግምት ሞላው። ፋይሉ ከበደ፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ለሰለሰ፣ ንባቡ ግን ያው ነው። አንድ ሙሉ ቀን በዚህ ሄደ።

ቀጥሎ የተሻለ ፕሪንተር ፈለግን። ያው ብዥታ ነው የወጣው።

ምስሉ የሄደበት መንገድ

ከዚያ አንድ ስክሪንሹት ብቻ መረጥን። ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ተከተልነው። በየደረጃው ፋይሉን ከፍተን ያችኑ "አጽድቅ" የምትል ቃል 400 በመቶ አጉልተን አየን። ከዚህ ሥራ ከያዝኳቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ማን አበላሸው የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

ላፕቶፑ ላይ ሲነሳ 1366 ፒክስል ስፋት ያለው ንጹሕ ፒኤንጂ (ምንም ፒክስል ሳያበላሽ የሚያስቀምጥ የምስል ፋይል) ነበር። ያነሳው ልጅ ወርዱን ለምታዘጋጀው ባልደረባችን በቴሌግራም ላከላት። የላከው ግን ፎቶ አድርጎ ነው እንጂ ፋይል አድርጎ አይደለም። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ወደ ጄፔግም ይቀይረዋል። እሷ ጋ ሲደርስ ስፋቱ 1280 ሆኗል። ከ1366 ወደ 1280 ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ አዲስ ተሠርቷል ማለት ነው። ጄፔግ ደግሞ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች እየከፋፈለ ነው የሚጨምቀው። ሰማይ ወይም የሰው ፊት ላይ ብዙም አይታወቅም። ነጭ ላይ በተጻፈ ጥቁር ፊደል ዙሪያ ግን አቧራ የመሰለ ነገር ይተዋል።

ከቴሌግራም ወደ ወርድ ገባ። ወርድ ዶክመንቱ ሴቭ ሲደረግ ምስሎችን ይጨምቃል። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ቅንብሩ በኢንች 220 ፒክስል የሚለው ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ጎን ለጎን በትንሹ ያስገባናቸው ምስሎች እዚህ ላይ ብዙ ፒክስል አጡ። በመጨረሻም ፒዲኤፍ ሲወጣ ፋይሉ እንዳይከብድ ብለን "ሚኒመም ሳይዝ" የሚለውን መርጠናል። ምስሉ ኮፒ ቤት ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ተጎድቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን አስተካከልን። ምስል ሁሉ በፒኤንጂ ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ የሚላከው እንደ ፋይል ብቻ ነው፤ ባይሆን በፍላሽ ይሄዳል። ወርድ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብተን "ዱ ኖት ኮምፕረስ ኢሜጅስ ኢን ፋይል" የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። ቅንብሩ ለተከፈተው ዶክመንት ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም። ደግሞም ቀድሞ የተጨመቀውን ምስል አይመልስም፤ እንደገና ማስገባት የግድ ነው። ፒዲኤፉንም "ስታንዳርድ" በሚለው አወጣን።

የፊደሉ ቁመት

መንገዱን አስተካክለን ስናትም ምስሉ ጥርት አለ። ቃላቱ ግን አሁንም አይነበቡም። ይህን አልጠበቅንም ነበር። ቁጭ ብለን ስናሰላው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ።

ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲሜትር ነው። ግራና ቀኝ 2.5 ሲተው 16 ይቀራል፤ ይህም 6.3 ኢንች ነው። 1366 ፒክስሉ በዚያ ውስጥ ሲገባ በአንድ ኢንች 217 ፒክስል ይሆናል። ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ መጠኑ 14 ፒክስል ነበር። የፎንት መጠን የሚለካው አንድ ኢንች ለ72 ተከፍሎ ነው፤ ስለዚህ 14ን ለ217 አካፍሎ በ72 ማባዛት ነው። 4.6 ይመጣል። ወርድ ላይ 4.6 ፎንት ብለን እንደጻፍን ቁጠሩት። የመመሪያው ጽሑፍ 12 ነው። ማንም ሰው አማርኛን በ4.6 ፎንት አይጽፍም፤ እኛ ግን በምስል ውስጥ እንደዚያ ጽፈን ነበር። በግማሽ ገጽ ስፋት የገቡት ምስሎች ላይማ 2.3 ደርሷል።

ትልቅ ስክሪን ቢኖረን ይባስ ነበር። 1920 ፒክስል የሆነው ስክሪን በዚያው 16 ሴንቲሜትር ሲገባ በኢንች 305 ፒክስል ይሆናል። ማተሚያ ቤት የሚጠይቀውን 300 አለፈ ማለት ነው። ፊደሉ ግን ወደ 3.3 ይወርዳል። "ጥራቱ" እየጨመረ ንባቡ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀየርን። ምስሉ ስንት ዲፒአይ ነው ማለቱን ተውነው፤ ፊደሉ ወረቀት ላይ ስንት ፎንት ሆኖ ያርፋል እያልን መጠየቅ ጀመርን።

እንደገና ማንሳት

ያነሳናቸውን ማዳን እንደማይቻል ተቀበልን። ሁሉንም እንደገና ማንሳት ነበረብን።

ብሮውዘር ላይ ኮንትሮልና ፕላስ ሲጫኑ ገጹ ይጎላል። ይህ ምስልን እንደመለጠጥ አይደለም። ብሮውዘሩ ፊደሉን በትልቁ፣ በብዙ ፒክስል እንደ አዲስ ይስለዋል። መጀመሪያ 200 በመቶ አደረግነው። በስሌቱ 9.3 ፎንት ይሆናል፤ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ገጹ ጠበብኩ ብሎ ራሱን ወደ ሞባይል መልኩ ቀየረ። የግራው ሜኑ ተደበቀ። ሠራተኛው ቢሮው ውስጥ የሚያየው ሌላ፣ መመሪያው ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ነው። ተውነው። 150 በመቶ ላይ ግን ሜኑው በቦታው ቆየ፣ ፊደሉም 7 ሆነ። 7 ፎንት ትልቅ አይደለም። ጥርት ብሎ ከታተመ ግን ይነበባል። እዚያ ላይ ቆምን።

ከዚያ በአንድ ነገር በጣም ጥብቅ ሆንን፤ ሁሉም ምስል በአንድ ልክ ይገባል። ወርድ ትልቁን ምስል ከገጹ ጋር እንዲመጣጠን በራሱ ያሳንሰዋል። ትንሿን የማረጋገጫ ሳጥን ግን በሙሉ መጠኗ ያስገባታል። በድሮው መመሪያ "እርግጠኛ ነዎት?" የምትለው ሳጥን ከሙሉው ቅጽ በላይ ገዝፋ ነበር። አሁን የእያንዳንዱን ምስል ስኬል 44 በመቶ አደረግነው። 1366ቱ 16 ሴንቲሜትር የሚሆንበት ልክ ነው። ከሙሉው ገጽ ግማሹ ተቆርጦ ቢወሰድ 8 ሴንቲሜትር ይይዛል። ገጹ ላይ ነጭ ቦታ ይተርፋል፤ ይትረፍ። አንባቢው ከገጽ ገጽ ሲሄድ ፊደሉ አንዴ እየተለቀ አንዴ እያነሰ አያስቸግረውም።

ክሊርታይፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ቅንብርም አጠፋን። ፊደልን ለኤልሲዲ ስክሪን ለማለስለስ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ የሆኑ ፒክስሎች ይጨምራል። ስክሪን ላይ ዓይን አያያቸውም። ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ግን እያንዳንዳቸውን ወደ ግራጫ ይቀይራቸዋል። ካጠፋነው በኋላ ብሮውዘሩን ዘግተን መክፈት ነበረብን።

በመንገዳችን ላይ የድሮዎቹ ምስሎች እውነተኛ የሰዎች ስምና የዕቃ ዋጋ እንደነበረባቸው አየን። መታተም አልነበረበትም። አዲሶቹን በናሙና መረጃ ነው ያነሳናቸው።

ግራጫው

በጣም ያስቸገረን ይህኛው ነው።

ሌዘር ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ያለው ጥቁር ቶነር (የዱቄት ቀለም) ብቻ ነው። ግራጫን የሚሠራው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችን አራርቆ በመበተን ነው። 600 ዲፒአይ የሆነ ፕሪንተር በኢንች 100 መስመር ነጠብጣብ ቢሠራ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የሩብ ሚሊሜትር ቦታ ይይዛል። በ7 ፎንት የአንድ ፊደል ቀጭን መስመር ራሱ ከዚያ አይወፍርም። ስለዚህ ግራጫ ፊደል መስመር ሆኖ አይታተምም፤ የተበታተነ ነጠብጣብ ይሆናል። ድፍን ጥቁር ፊደል ግን በሙሉው 600 ዲፒአይ ይወጣል። ልዩነቱን ያየሁት በማጉያ መነጽር ነው። ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ፕሪንተር ሥራ አይመስሉም።

ሶፍትዌሩ ደግሞ ግራጫ ይወድ ነበር። የሠንጠረዡ ረድፎች አንድ ነጭ፣ አንድ ግራጫ። የሳጥኖቹ መጠሪያ ግራጫ ፊደል። የገጹ ራስ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ጽሑፍ። በተለይ ግራጫ መደብ ላይ ያለ ጽሑፍ ነጠብጣቦቹ መሐል ገብቶ ይጠፋል።

መጀመሪያ ምስሎቹን ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከፍተን ሌቭልስ በሚለው ፈዛዛውን ወደ ነጭ፣ ጠቆር ያለውን ወደ ጥቁር ገፋን። ይሠራል። ግን በእያንዳንዱ ምስል ላይ መድገም ይጠይቃል፣ እጅም አንድ ዓይነት አይሆንም። በኋላ የሶፍትዌሩን ፕሮግራመር አነጋገርነው። ለመለማመጃው ቅጂ ብቻ የገጹን መልክና ቀለም የሚወስን አጭር የሲኤስኤስ ኮድ ጨመረልን። መደቡ ሁሉ ነጭ፣ ጽሑፉ ሁሉ ድፍን ጥቁር፣ ቁልፎቹ ነጭ ሆነው ጥቁር ጠርዝ ያላቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ የእኛን ስንት ቀን አዳነ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሳ። ባልደረባዬ "ሠራተኛው ሰማያዊ ገጽ እያየ እኛ ነጭ ብናሳየው ግራ ይገባዋል" አለች። ልክ ናት። በየምዕራፉ መጀመሪያ ገጹን ከነመልኩ የሚያሳይ አንድ ምስል እንዲኖር ተስማማን። ከሥሩ "ከዚህ በኋላ ያሉት ምስሎች ለኅትመት እንዲነበቡ ነጭ ተደርገዋል" ብለን ጻፍን። በሁለተኛው ሥልጠና በዚህ ግራ የተጋባ ሰው አላየሁም።

ቀይ ክቦቹንም አነሳን። በምትካቸው ጥቁር ክብ ውስጥ ነጭ ቁጥር አደረግን፤ ጽሑፉም "ቁጥር 3ን ይጫኑ" ይላል። ቁጥሮቹን የምስሉ ፋይል ውስጥ አልሳልናቸውም። ወርድ ውስጥ ስለሳልናቸው ጠርዛቸው ስል ሆኖ ይታተማል። አንድ ችግር ግን አለው። ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ቁጥሮቹ ባሉበት ይቀሩና ምስሉ ይሸሻል። ይህ ሁለት ጊዜ አጋጠመን። መፍትሔው "ድሮዊንግ ካንቫስ" የሚባለውን መክፈት፣ ምስሉንም ቁጥሮቹንም እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው። አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ኮፒ ቤቱ

ለሙከራ አራት ገጽ ይዘን ወደዚያው ኮፒ ቤት ሄድን። አሁንም ፈዘዝ ብሎ ወጣ። የኮፒ ቤቱ ልጅ ትሑት ነው። ቅንብሩን አብረን እንድናየው ፈቀደልን። የቶነር ቁጠባው በርቷል። ለተራ ጽሑፍ ምንም አይልም፤ ለእኛ 7 ፎንት ግን ጎጂ ነው። አጠፋልን። ፒዲኤፉን ሲያትምም "ፊት" በሚለው ነበር። ገጹን ትንሽ ስለሚያሳንስ ምስሉ እንደገና ይሰላል። "አክቹዋል ሳይዝ" ላይ አደረገው።

ከዚያ የታተመውን ገጽ ፎቶኮፒ አስደረግነው፤ የኮፒውንም ኮፒ። ቅርንጫፎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሆነ ነው። ኮፒ ማሽኑ ላይ "ቴክስት" የሚለው ሲመረጥ ነጭ መደብ ያላቸው ምስሎች ሁለተኛው ኮፒ ላይም ይነበባሉ። ከነመልካቸው የተተዉት የምዕራፍ መክፈቻ ምስሎች ግን በዚሁ ምርጫ ጠቆሩ። እነሱ ለመታየት እንጂ ለመነበብ ስላልገቡ ታገስናቸው። በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይም "ፎቶኮፒ ሲያስደርጉ ቴክስት የሚለውን ያስመርጡ" የሚል መስመር ጨመርን።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ተመሳሳይ ሥራ ያለበት ሰው ቢጠይቀኝ ከመጨረሻው ጀምር እለዋለሁ። መጀመሪያ የሚታተምበትን ማሽን ይወቅ። የወረቀቱን ስፋት ይለካ። ፊደሉ ስንት ፎንት ሆኖ እንደሚያርፍ በዚያች አጭር ስሌት ያውጣ። ለአማርኛ ከ7 በታች አልወርድም። ስሌቱ ካልሞላ አማራጩ ሁለት ነው፤ ገጹን አጉልቶ ማንሳት ወይም የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማስገባት።

ከዚያ ሁሉንም ከማንሳቱ በፊት አንድ ምስል ብቻ አንስቶ እስከ ወረቀት ያድርሰው። እኛ 60 ካነሳን በኋላ ነው የሞከርነው። የታተመውንም ያዘጋጀው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ያንብበው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቁልፍ በቁልፍ። የእኛን ሁለተኛ ረቂቅ ያነበበችልን የጽዳት ክፍል ባልደረባ ናት። ሶፍትዌሩን አይታው አታውቅም። "ወጪ"ን እና "ወጪዎች"ን ያለችግር ስትለይ ነው ለኅትመት የላክነው።

ደግሞም ምስል ሁሉ አያስፈልግም። አንድ ቁልፍ ብቻ ለማሳየት የገቡ ብዙ ምስሎች ነበሩን። የቁልፉን ስም በደማቅ ፊደል መጻፍ በቃ። በመጨረሻ 35 ያህል ቀሩ። መመሪያው ቀጠነ፣ ቀሪዎቹ ምስሎችም ቦታ አገኙ።

የአነሳስ ቅንብሩን በአንድ ገጽ ጽፈን አስቀምጠናል፤ 150 በመቶ፣ ነጩ ገጽ፣ ክሊርታይፕ ጠፍቶ፣ ፒኤንጂ፣ ስኬል 44። ሶፍትዌሩ ሲሻሻል የተቀየሩትን ገጾች ብቻ አንስተን በቦታቸው ተካን። አዲሱ ከድሮው አይለይም።

ያልተፈታው

የወር መጨረሻ ሪፖርቱ 14 ዓምድ አለው። በ150 በመቶ ስክሪኑ ውስጥ አይገባም። ገጹን አግድም አዞርነው፤ አልበቃም። ሁለት ቦታ ቆርጠን አንዱን ከሌላው ሥር አደረግነው። ሠራተኞቹ ሁለተኛውን ቁራጭ ሌላ ሪፖርት መሰላቸው። በመጨረሻ ስክሪንሹቱን ትተን ሠንጠረዡን ራሱን ወርድ ላይ ጻፍነው፤ የዓምዶቹን ስም ከነቁጥራቸው፣ ከሥሩ የእያንዳንዱን ትርጉም። ይነበባል። ስክሪኑን ግን አይመስልም፣ ሪፖርቱ በተቀየረ ቁጥርም በእጅ መታረም አለበት። ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።